በስልክ የሚከፈቱ ቤተ መጻሕፍት፦ ከሐዋሳ ሆኖ የቱ ያዋጣል?

ሐዋሳ ውስጥ መጽሐፍ መሸጫ አይጠፋም። ግን የምትፈልጉት ነገር ከፈተና ማጠናከሪያ፣ ከመንፈሳዊ መጻሕፍትና በቅርቡ ከወጡ ልብወለዶች ወጣ ካለ ቶሎ ይደክማችኋል። «አዲስ አበባ አስፈልጉ» ትባላላችሁ። ስለዚህ ብዙዎቻችን ወደ ስልካችን እንዞራለን። እዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ተብሎ የሚጠራው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ መጽሐፉን ሙሉ ይሰጣችኋል፣ አንዱ ለአንድ ሰዓት ብቻ ያውሳችኋል፣ አንዱ ርዕሱንና ሽፋኑን አሳይቶ ይቆልፋል። የአንዱ ፋይል ከአንድ ሜጋ አይበልጥም፤ ሌላው ጋ አንድ መጽሐፍ ብቻ የቀኑን ፓኬጅ ይጨርሰዋል። ለረጅም ጊዜ ስጠቀምባቸው የቆየሁትን ነው የማወራችሁ፤ የማስበውም በስልክ፣ በዳታ የሚያነብ ሰው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ካልተናገርኩ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዳታ ለሚቆጥብ ሰው መጀመሪያ የምለው ፕሮጀክት ጉተንበርግ ነው። ማይክል ሃርት የሚባል አሜሪካዊ በ1971 ጀመረው። ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ መጻሕፍት አሉት። ምዝገባ የለም፣ ክፍያ የለም። እኔ ግን የምወደው በሌላ ምክንያት ነው። መጻሕፍቱ የገጽ ፎቶ አይደሉም፤ በጎ ፈቃደኞች ገጽ በገጽ አንብበው ያረሟቸው ጽሑፎች ናቸው። በዚህ የተነሳ ፋይሉ ትንሽ ነው፤ ኢፐብ ከሚባለው የዲጂታል መጽሐፍ ፋይል ሥዕል የሌለውን ከመረጣችሁ አንድ ሙሉ ልብወለድ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜጋ አያልፍም። አንዴ ካወረዳችሁት መብራትም ኔትወርክም ቢጠፋ ማንበብ ነው። ፊደሉን ታሳድጋላችሁ፣ ጀርባውን ታጠቁራላችሁ፣ ያልገባችሁን ቃል ነክታችሁ መዝገበ ቃላት ትከፍታላችሁ። እንግሊዝኛውን ማጠንከር ለሚፈልግ ተማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

አዲስ መጽሐፍ ግን አትጠብቁ። የሚያስገባው በአሜሪካ ሕግ የቅጂ መብቱ ያለቀውን ነው። የአማርኛ መጽሐፍም አላገኘሁበትም። ስለ እኛ የተጻፈ አለ፤ ለምሳሌ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊ ሚሲዮናዊ ጀሮኒሞ ሎቦ የጻፈው የጉዞ ታሪክ፣ ሳሙኤል ጆንሰን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው፣ በነጻ ይገኛል። የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ዓይን መሆኑን እያሰባችሁ አንብቡት።

ኢንተርኔት አርካይቭ ከዚህ በጣም ይለያል። ብሩስተር ኬል በ1996 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ያቋቋመው ነው። መጽሐፍ በሉት፣ የድሮ መጽሔት በሉት፣ ሙዚቃ በሉት፣ ፊልም በሉት፣ ሁሉም አለ። ማንም ሰው መጫን ይችላል፤ ጥንካሬውም ችግሩም ይኸው ነው። አንዱ የአያቱን መጽሐፍ ከነሽፋኑ፣ ከነኅትመት ዓመቱ በጥንቃቄ ስካን አድርጎ ያስገባል። ሌላው በስልክ አጣሞ ያነሳውን ስም እንኳ ሳይሰጠው ይለቀዋል። ስለዚህ የአማርኛ መጽሐፍ ስትፈልጉ በአንድ ሙከራ ተስፋ አትቁረጡ። በፊደላችን ሞክሩ፣ ሀን በሐ ሰን በሠ አን በዐ እየቀየራችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ በላቲን ፊደል በተለያየ አጻጻፍ፣ ከዚያ በደራሲው ስም ብቻ። መጽሐፉ ተቀምጦ እያለ «አልተገኘም» የሚላችሁ ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ስካን የተደረገ የአማርኛ መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ቃል መፈለግ የማይታሰብ ነው፤ ማሽኑ ፊደላችንን በደንብ ስለማያነበው ከምስሉ ጀርባ የሚቀመጠው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የተዘበራረቀ ነው።

ፒዲኤፉን ከማውረዳችሁ በፊት የፋይሉን መጠን ተመልከቱ። ሁሉንም ፋይሎች የሚያሳየውን ሊንክ ስትነኩ ከእያንዳንዱ ጎን ይጻፋል፤ መቶ ሜጋ የሚያልፍ ሊገጥማችሁ ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን ለሌሊት ፓኬጅ ወይም ዋይፋይ ላለበት ካፌ አቆዩት። በውሰት የሚሰጡት አዳዲስ መጻሕፍት ደግሞ እየቀነሱ ነው። ትልልቅ አሳታሚዎች በ2020 ከሰውት በ2023 ተረታ፣ በ2024 ይግባኙም ውድቅ ሆነ፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍትም ከውሰት ወጡ። ያ ለእኛ ትልቅ ጉዳት ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ የውጭ መማሪያ መጽሐፍ በዶላር ማዘዝ የማይታሰብበት ከተማ ላለ ሰው የአንድ ሰዓት ውሰት ቀላል ነገር አልነበረም። ሌላም አለ፤ በኦክቶበር 2024 ተጠልፎ የ31 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች መረጃ ወጥቷል። አካውንት ካላችሁ ሌላ ቦታ የማትጠቀሙበትን የይለፍ ቃል ስጡት።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ሂል የብራና መጻሕፍት ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ይባላል። ያለው በአሜሪካ ሚኒሶታ ነው፤ ኮሌጅቪል በምትባል ቦታ፣ የቤኔዲክት መነኮሳት ባቋቋሙት የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ያሉ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሱ ቅጂው የተላከው እዚያ ነበር። ከ8 ሺህ በላይ ናቸው። ብራና ይቃጠላል፣ ይሰረቃል፣ ውሃ ይገባበታል። የእነዚህ ፎቶ ግን ተቀምጧል፤ እኛም ሐዋሳ ቁጭ ብለን እንከፍተዋለን።

ይህን ሀብት አንድ በአንድ አንብበው፣ ለይተው፣ ካታሎግ ካዘጋጁት ምሁራን ግንባር ቀደሙ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 የደርግ ወታደሮች ተኩሰው አቁስለዋቸው መራመድ ተሳናቸው። በዓመቱ ሚኒሶታ ገቡና ከዚያ በኋላ አሥርት ዓመታትን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው በእነዚህ ብራናዎች ላይ ሠሩ። በ1988 የማካርተር ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2021 አረፉ። ዛሬ አንድ ድርሳን ፈልጋችሁ ስታገኙ፣ ከጎኑ ይዘቱ ምን እንደሆነና በማን ዘመን እንደተጻፈ ተብራርቶ ስታዩ፣ ከዚያ ጀርባ የእሳቸው ድካም እንዳለ እወቁ። እኔ ይህን ሳስብ ስሜቴ ይነካል።

አጠቃቀሙ ከባድ አይደለም። በኢሜይል በነጻ ትመዘገባላችሁ፣ የንባብ ክፍሉን ትከፍታላችሁ፣ ቋንቋውን ግዕዝ ወይም አማርኛ ብላችሁ ትለያላችሁ። ማውጫው እንግሊዝኛ ስለሆነ የመጽሐፉን ስም በእንግሊዝኛ አጠራር ማወቅ ያግዛል። ከማይክሮፊልም የመጡት ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ቀይ ቀለሙንና ሐረግ የሚባለውን የገጽ ጌጥ ውበት አታዩም። ምስሉም ገጽ በገጽ ነው የሚጫነው፣ በደካማ ኔትወርክ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቢሆንም የአብነት ተማሪዎች፣ ዲያቆናት፣ ታሪክ የምታጠኑ ሁሉ፣ ይህን ቦታ ሳታውቁ አትቅሩ። ስማርት ስልክ የማይነኩ መሪጌታ የምታውቁ ካላችሁም ከፍታችሁ አሳዩአቸው። እሳቸው የሚያነቡትን ያህል እኔና እናንተ አናነበውም።

አንዳንድ ብራናዎችን በቀለም ማየት ለሚፈልግ ጋሊካ አለ። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል ስብስብ ነው። ተጓዡ አንቷን ዳባዲ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኢትዮጵያ ሰብስቦ የወሰዳቸው ብራናዎች እዚያ ይገኛሉ፣ ማውረድም ይቻላል። ቫቲካንም የግዕዝ ብራናዎቹን በነጻ ያሳያል። ብሪቲሽ ላይብረሪ ደግሞ በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉትን ይዟል፤ ብዙዎቹን ዲጂታል አድርጎ ነበር፣ ግን በኦክቶበር 2023 በደረሰበት የሳይበር ጥቃት ምስሎቹ ለረጅም ጊዜ ከኢንተርኔት ጠፉ። የራሳችንን ብራና ለማየት የሌላ አገር ሰርቨር እስኪነሳ መጠበቅ ያማል። ማውረድ የሚፈቀደውን አውርዳችሁ ያዙ።

ሃቲትረስትን በአጭሩ ልለፈው። ከ17 ሚሊዮን በላይ ጥራዞች አሉት፣ ግን አሜሪካ ላለ ሰው የሚከፈተው ሁሉ ለእኛ አይከፈትም፤ የቅጂ መብቱን እንደ አንባቢው አገር ነው የሚለየው። የሚጠቅመው የፈለጋችሁት ቃል በየትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው ገጽ እንዳለ ለማወቅ ነው። ጎግል ቡክስም ለዚሁ ይሆናል።

ለመመረቂያ ጽሑፍ የምትሯሯጡ፣ የጆርናል ጽሑፎች የሚከማቹበትን የጄስቶርን (JSTOR) ነጻ አካውንት ክፈቱ። በወር እስከ 100 ጽሑፍ ድረስ ኢንተርኔት ላይ ማንበብ ይፈቅዳል፤ ዳውንሎድ ግን አይጨምርም። የአፍሪካ ጆርናሎችን የሚሰበስበው ኤጆል (AJOL) ውስጥ የኢትዮጵያ ጆርናሎችም አሉ፣ ብዙው በነጻ ይወርዳል። ጤና ላይ የምትሠሩ ሂናሪን ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ያለበት ፕሮግራም ነው፣ ለኢትዮጵያ ተቋማት ነጻ ነው፣ የሚሰጠው ግን ለተቋም እንጂ ለግለሰብ አይደለም። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲያችሁን ወይም የሆስፒታላችሁን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የይለፍ ቃል ጠይቁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ስብስብም ክፍት ነው። ሐይቁ ላይ፣ ዓሣው ላይ፣ ቡናና እንሰት ላይ የምትጽፉ ከእናንተ በፊት ምን እንደተሠራ ሳታዩ አትጀምሩ። የአገር ውስጥ ስብስቦች ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ስሙን አልጠራም እንጂ አንዱ ጋ ያስቀመጥኳቸው ሊንኮች ሁሉ ድረ ገጹ ሲቀየር ሞተዋል። ጽሑፉ አለ፣ መንገዱ ግን ጠፍቷል። ስለዚህ ሊንክ ብቻ አታስቀምጡ፣ ፋይሉን ያዙ።

ለልጆች አፍሪካን ስቶሪቡክ እና ስቶሪዊቨር ጥሩ ናቸው። ሁለቱም ጋ በሥዕል የታጀቡ አጫጭር የአማርኛ ተረቶች አሉ። ፈቃዳቸው ክፍት ስለሆነ ማተምና ማባዛት አይከለከልም። የአንዳንዶቹ አማርኛ ትርጉም ትርጉም ይላል፤ ከማተማችሁ በፊት አንብባችሁ ምረጡ። ከእነዚህ ተረቶች ጥቂቱን መርጣችሁ ፎቶ ኮፒ ቤት ብትወስዱ ለአንድ መዋዕለ ሕፃናት ክፍል የንባብ መደርደሪያ ይሆናል። በሲዳምኛ የሚነበብ ግን ከጠቀስኳቸው ስብስቦች በአብዛኞቹ ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም። እዚህ ከተማ ለሚያድጉ ልጆች ይህ መጓደል የለበትም።

ትልቁ ክፍተት ግን የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ነው። የ15ኛው ክፍለ ዘመን ብራና ከሚኒሶታ አገኛለሁ፣ የአያቴ ዘመን የታተመ መጽሐፍ ግን አላገኝም። ያለን ቴሌግራም ነው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ በሕይወት ያሉ ደራሲዎች መጽሐፍ ገና ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ፒዲኤፍ ሆኖ ይበተናል። እኔ አላወርድም፣ እናንተም ተዉት። ደራሲው ከዚያ ነው የሚበላው።

ሕጉ እኮ መንገድ አለው። በእኛ አቆጣጠር የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 410 የቅጂ መብትን የሚጠብቀው ደራሲው በሕይወት እስካለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በስደት እንግሊዝ አገር ያረፉት በ1938 ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1947። የሁለቱም ሥራ የሕዝብ ከሆነ ቆይቷል። ማንንም ሳንበድል ስካን ማድረግ፣ መተየብ፣ ለሁሉም ማዳረስ እንችላለን። እንደ ጉተንበርግ በሰው እጅ ታርሞ፣ ስልክ ላይ ቀልሎ የሚከፈት የአማርኛ ስብስብ ከእነዚህ ቢጀመር ደስታዬ ነው።

ቤታችሁ እንዲህ ዓይነት አሮጌ መጽሐፍ ያላችሁ፣ መጀመሪያ ደራሲው መቼ እንዳረፈ አጣሩ። 50 ዓመት ካለፈው በቀን ብርሃን፣ ገጹን ሳታጣምሙ አንሱትና ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ጫኑት፤ ነጻ ነው። ርዕሱን በፊደላችንም በላቲንም ጻፉ፣ የኅትመት ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጡ፣ ማተሚያ ቤቱን አትርሱ። ሽፋኑንና የመጨረሻውን ገጽ ጭምር አንሱ፣ ዋጋውና የታተመበት ቦታ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።