የባኽ ብራንደንቡርግ ኮንሰርቶዎች፦ የ1935 እና የ1964 ቅጂዎች

ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ እ.ኤ.አ. በ1721 ለብራንደንቡርግ መስፍን ካበረከታቸው ስድስት ኮንሰርቶዎች (ለመሣሪያ ቡድን የተጻፉ ድርሰቶች) ቅጂዎች መካከል እያመላለስኩ የማደምጣቸው ሁለት ናቸው፤ አንደኛውን ቫዮሊኒስቱ አዶልፍ ቡሽ በ1935 ለንደን ውስጥ፣ ሌላውን የሙዚቃ መሪው ኒኮላውስ አርኖንኩር ከቪየናው የሙዚቃ ቡድን ከኮንሰንቱስ ሙዚኩስ ጋር በ1964 አስቀርጸዋቸዋል።

ልዩነታቸው ጎልቶ የሚሰማው በአምስተኛው ኮንሰርቶ ነው። ባኽ ለሃርፕሲኮርድ (ከፒያኖ በፊት ለነበረው ባለቁልፍ መሣሪያ) የጻፈውን ረጅም የብቻ ክፍል በቡሽ ቅጂ ሩዶልፍ ሰርኪን በፒያኖ ይጫወተዋል፤ ድምፁን ቀስ በቀስ እያጎላ፣ መልሶም እያለዘበ ይሄዳል፤ ይህም ክሩን በመንጠቅ ድምፅ በሚሰጠው ሃርፕሲኮርድ ከቶ የማይሞከር ነው። አርኖንኩር በበኩሉ በባኽ ዘመን ዓይነት መሣሪያዎች ስለሚጠቀም፣ የእንጨቱ ዋሽንት የአንጀት ክር ከተወጠረበት ቫዮሊን ጎን ሳይዋጥ ይሰማል፤ ቅኝቱም ከዛሬው ዝቅ ያለ ነው።

በድምፅ ጥራት በኩል ክርክር የለም። የ1935ቱ ሙዚቃ በአንድ ገጹ ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ በሚይዝ ሸክላ ላይ እየተቆራረጠ የተቀረጸ ስለሆነ፣ መርፌው ሸክላውን ሲፍቅ እስካሁን ይሰማል (ጆሮ ግን ቶሎ ይለምደዋል)። ለጀማሪ አድማጭ የአርኖንኩርን እመክራለሁ፤ እኔ ራሴ ግን፣ ፒያኖው ከባኽ አሳብ የራቀ መሆኑን እያወቅሁም ቢሆን፣ ለዚህ ለአምስተኛው ኮንሰርቶ የቡሽን አስቀድማለሁ።