ሳይለካ የማይነካ ባለሙያ፦ ምስጋና እና ጥቆማ ለጎንደር ሰዎች

እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ የምጽፈው አንድ የመብራት ባለሙያ ለማመስገን ነው። ቤቱ ውስጥ መብራት እየወረደ እየወጣ ያስቸገረው ሰው ካለ ደግሞ እሱን እንዲጠራ ልጠቁም ብዬ ነው።

ቤታችን ማራኪ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ መብራታችን ጤና አልነበረውም። ጭራሽ ቢጠፋ ሻማ ለኩሶ መጠበቅ ነው፣ እሱን ለምደነዋል። የእኛው ግን አለ እየተባለ የሌለ ነበር። ምጣድ ስንሰካ የሳሎኑ አምፖል ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም ይርገበገባል። ፍሪጁ ልነሳ ብሎ ድም ይላል፣ ከዚያ ቀጭ ብሎ ይቀራል። እንጀራውማ አይን ማውጣት ተወ። እማዬ ጥፋቱ የሊጡ መስሏት እርሾ ቀየረች። ጤፍም ቀየረች። አንድ ቀን የጋገረችው በሙሉ ድፍን ሆኖ ሲወጣባት ምጣዱን ነቅላ በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። «እጄ ከዳኝ» አለችኝ። ያን ቀን የተሰማኝን አልረሳውም። ጥምቀት ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ጥር 10 እና 11 የጎንደር ቤት እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ከየአገሩ ዘመድ ይመጣል፣ መሶብ ባዶ መሆን የለበትም።

ከእሱ በፊት ሁለት ሰዎች አይተውልን ነበር። አንዱ የፍሪጁ ሞተር ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዙ አለን። ሌላው ትልቅ ስታቢላይዘር፣ ማለትም የወረደ ቮልት የሚያስተካክል ዕቃ አስገዛን። ለጥቂት ቀን የተሻለ መሰለ፣ ከዚያ ባሰበት።

ይህን ልጅ የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። ሲመጣ ካቻቢቴ አላወጣም። ቁጭ ብሎ ይጠይቅ ጀመር። መቼ ነው የሚብሰው? ጎረቤትስ እንዲህ ነው? ምጣድ ሲሰካ የሚደክመው ወጥ ቤቱ ብቻ ነው ወይስ ሳሎኑም? ሳሎኑም ስለው ቀና አለ። «እህቴ፣ የምጣድና የሳሎን መስመር እዚህ ሳጥን ጋ ይለያያል። ሁለቱም አብረው ከደከሙ ችግሩ ከመለያያው በፊት ነው» አለኝ።

ከዚያ መለኪያውን አወጣ። ምጣዱ እየሠራ፣ ከቆጣሪው በሚወጣው መስመር ላይ 190 ቮልት አገኘ። ወጥ ቤት ሶኬት ላይ ደግሞ 172። መሆን የነበረበት 220 ነው። «18ቱ ቮልት የጠፋው እዚሁ ቤታችሁ ውስጥ ነው» አለ። እማዬ 172 እና 220 ምን ያህል ይራራቃል ብላ ጠየቀችው። አላሳቀቃት፣ አላቻኮላት። «እማማ፣ ቮልቱ ትንሽ ሲወርድ ሙቀቱ ብዙ ይወርዳል። በ172 ምጣድዎ የሚሰጠው ከሙሉ ሙቀቱ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እጅዎ አልከዳዎትም» አላት። እማዬ ይህን ስትሰማ ፊቷ እንዴት እንደበራ ባያችሁ።

ጥፋቱ የተገኘው ከኮርኒሱ በላይ ነው። ድሮ ቤቱ ሲሠራ አንድ ሰው የአልሙኒየም ሽቦ ከመዳብ ጋር እንዲሁ ጠምዝዞ በፕላስተር ጠቅልሎታል። ያውም ኒውትራሉን፣ ማለትም መላሹን ሽቦ። ሁለቱ ብረቶች ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ እኩል አይለጠጡም። አልሙኒየሙ ደግሞ ላዩ ላይ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ያበጃል። መጋጠሚያው ይላላል፣ ይግላል፣ ሲግል የበለጠ ይላላል። ፕላስተሩ ከስሎ፣ አጠገቡ ያለው እንጨት ጠቁሮ ነበር። እኛ ከሥሩ እንተኛ ነበር! ስታቢላይዘሩም ለምን እንዳባሰው ያኔ ገባኝ። ቮልቱን ከፍ ለማድረግ ከመስመሩ የበለጠ ከረንት ይስባል። የላላው መጋጠሚያ ላይ ጭራሽ እሳት መጨመር ማለት ነው።

የከሰለውን ቆርጦ ጣለ። ለአልሙኒየምና ለመዳብ በተሠራ ማያያዣ አጥብቆ አሰረው። ለምጣዱ ብቻ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ለየብቻ ዘረጋ፣ የራሱን ባለ 20 አምፔር ባልቦላም አደረገለት። ያን ቀን ጋግረን እንጀራው አይን አወጣ። ፍሪጁም ምንም አልሆነም ነበር፤ እስካሁን ይሠራል።

እኔን ግን ከሥራው በላይ የገረመኝ ሐቀኝነቱ ነው። በዚያው ምሽት አንድ ሰዓት ላይ እንደገና መጣ። ዋናውን ባልቦላ ዘግቶ፣ ቤቱ ምንም ሳይጠቀም፣ ከውጭ የሚገባውን ለካ። 168። «ይሄኛው የእኔ ሥራ አይደለም። ከመንገዱ ነው የሚመጣው፣ ገንዘብ ብቀበላችሁ መዋሸት ነው» አለን። ያስተማረን ይህን ነው፦ ከአራት አምስት ጎረቤት ጋር ሆናችሁ ጠዋት፣ ቀንና ማታ ለክታችሁ ጻፉ። የማን ቤት በየትኛው ፌዝ፣ ማለትም ከመንገዱ ሦስት መስመሮች በየትኛው እንደሆነ ባታውቁም ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። አምስት ቀን ጽፈን ወረቀቱን ይዘን አመለከትን። ሠራተኞቹ መጥተው ጭነቱን ወደ ሌላ ፌዝ አካፈሉት። አሁን ማታ 200 አካባቢ ይቆማል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ ብሎናል፣ እኔም አደራ እላለሁ። አምፖላችሁ በድንገት ከወትሮው በላይ ቦግ ካለ ዋናውን ባልቦላ ቶሎ ዝጉ። የመንገዱ ኒውትራል ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ያኔ አንዱ ቤት ሲደክም ሌላው ቤት ከ300 ቮልት በላይ ሊገባበት ይችላል። ለፍሪጃችን ቮልት ሲወርድም ሲወጣም የሚቆርጥ፣ ተመልሶ ለማብራትም ጥቂት ደቂቃ የሚጠብቅ መከላከያ አስገዝቶናል። ከስታቢላይዘሩ በጣም ይረክሳል።

የተረፈውን ሽቦ ጠቅልሎ ሰጠን፣ የዕቃውን ደረሰኝም ቆጥሮ አስረከበን። እማዬ ሳይበላ አላስወጣችውም። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እጅህ ይባረክ።

ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ እሱ ስላልወደደ። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ ግን እሰጣለሁ። አዘዞ ድረስም ይሄዳል። ታሽጎ ያለ ቆጣሪ ክፈትልኝ ብላችሁ አትጥሩት፣ አይነካም። ከመደወላችሁ በፊት በስንት ሰዓት እንደሚደክምባችሁና ምን ስትሰኩ እንደሚብስ ጻፉት፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።