ሁለት በጋ ያሻገረን ብርካ

ከጅግጅጋ ወጣ ብሎ በሚገኘው ግቢያችን ያሠራነውን ብርካ፣ ማለትም የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበትን በድንጋይና በሲሚንቶ የተገነባ የመሬት ውስጥ ገንዳ፣ ሁለት በጋ ተጠቅመንበታል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ስለሚሆን፣ 60 ካሬ ሜትር የሆነው የቆርቆሮ ጣሪያችን ከአንድ የ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ እስከ 1,200 ሊትር ያስገባል። የኮንክሪት ክዳኑ ትነትንም ብርሃንንም ስለሚከለክል ውኃው አረንጓዴ አልጌ ሳያበቅል ቀዝቅዞ ይቆያል። ቅሬታዬ በልስኑ ላይ ነው፤ ግንበኛው ለቀናት ውኃ ሳያጠጣው ቸኩሎ በመሄዱ፣ በአንደኛው ማዕዘን ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወጥቶ ውኃው በየሳምንቱ አንድ ጣት ያህል ይጎድል ነበር፤ በኋላ ሌላ ባለሙያ እንደገና ለሰነው። አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ የሚወርደውን የመጀመሪያ ዝናብ ወደ ውጭ ማፍሰስ እንደሚገባም የነገረን እሱ ነው።