ሥዕል የሌለው የቅርጻቅርጽ መጽሐፍ እየሸጡ ነው፤ ተጠንቀቁ

አናጢዎች፣ አሮጌ የቤት ዕቃ የምትጠግኑና የምትሰበስቡ ሁሉ ልብ በሉ። የጥንት የቤት ዕቃና የእንጨት ቅርጽ መጻሕፍትን «ዳግም ኅትመት» እያሉ በኢንተርኔት የሚሸጡትን ታውቋቸዋላችሁ። ስማቸው ትልቅ አሳታሚ ያስመስላቸዋል፣ ሽፋኑ ላይ የወይን ሐረግ የተፈለፈለበት ሣጥን ባለቀለም ፎቶ አለ፣ ከሥሩ ስለ ቅርስና ስለ ትውልድ አንድ መፈክር። የቅጂ መብቱ ያለፈበትን መጽሐፍ ስካን በነጻ ያወርዱና ትእዛዝ ሲመጣላቸው አንድ ኮፒ ያትማሉ። ይህ በራሱ ነውር የለውም። ጉዱ መጽሐፉ ሲገለጥ ነው።

የታዘዘው የአንድ አካባቢን ቁም ሣጥን፣ ወንበርና ሣጥን በዝርዝር የሚያስረዳ መጽሐፍ ነበር። ጽሑፉ የሣጥኑን የፊት ሳንቃ ይገልጽና «የሐረጉን አካሄድ ሥዕል 38 ላይ ተመልከት» ይላል። ሥዕል 38 ይፈለጋል፣ የለም። 37ም የለም። 1ም የለም! ከማውጫው ቀጥሎ ባዶ ገጾች፣ ከዚያ የጀርባው ሽፋን። ለካ ዋናው መጽሐፍ ሁለት ቅጽ ነው፤ አንዱ ጽሑፍ፣ ሌላው ሥዕል። የላኩት ጽሑፉን ብቻ። በየገጹ «ሥዕሉን ተመልከት» ይላል፣ ሥዕል ግን የለም፤ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። የሽፋኑ ሣጥንም መጽሐፉ ውስጥ ስለ እሱ አንድ መስመር አልተጻፈም።

ከሁሉ የሚያንገበግበው መልሳቸው ነው። «ውድ ደንበኛችን፣ የቆዩ መጻሕፍት ጥቃቅን ጉድለት ሊኖርባቸው እንደሚችል በመግለጫችን አሳውቀናል። ሥዕሎቹን ከፈለጉ ሁለተኛውን ቅጽ ለብቻው ማዘዝ ይችላሉ።» ጥቃቅን! የቅርጻቅርጽ መጽሐፍ ሥዕሉ ከወጣ ምን ቀረው? ገንዘብ ይመለስ ሲባሉ ደግሞ «በትእዛዝ የታተመ አይመለስም» ብለው የፈገግታ ምልክት አከሉበት።

ሁለተኛውን ቅጽ የሚገዛም አያተርፍም። በድሮዎቹ ፎቶዎች ውስጥ ከጥቁር እስከ ነጭ ብዙ የግራጫ ደረጃ አለ። እነዚህ ግን ፋይሉ እንዲቀል ግራጫውን አጥፍተው ጥቁርና ነጭ ብቻ ያደርጉታል። ስለዚህ በጥልቀት የተፈለፈለው ሁሉ አንድ ጥቁር ይሆናል፣ ስሱ ቅርጽ ደግሞ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። ቅጠሉ ከመደቡ፣ ማለትም ከሥሩ ካለው ጠፍጣፋ ገጽ፣ ምን ያህል እንደተነሣ፣ መደቡ በመሮ ተስተካክሎ ይሁን በነጥብ ብረት ተወቅቶ አይለይም። የሳንቃው ጀርባ ላይ ያለው የመጋዝ ዱካም አብሮ ይጠፋል፤ እሱ ደግሞ የዕቃውን ዘመን ለመለየት ዋና ማስረጃ ነው። ዱካው ቅስት ከሆነ በክብ መጋዝ የተሰነጠቀ ነው፣ ክብ መጋዝ የተስፋፋውም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው ተብሎ የሚሸጥ ቁም ሣጥን ጀርባ ላይ ቅስት ከታየ ወይ ሳንቃው ተቀይሯል ወይ ዕቃው ራሱ አስመስሎ የተሠራ ነው።

የልኬት ንድፎቹስ? ገጹ ላይ «1 ለ 10» ተጽፏል። 38 ሴንቲ ሜትር ቁመት የነበረውን ገጽ ግን በ22.9 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ አጥብበው አትመውታል። ቁመቱ 180 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁም ሣጥን በዋናው ንድፍ ላይ 18 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በእነሱ ላይ 10.8 ሆኗል። በ10 አባዝቶ እንጨት የሚቆርጥ ሰው 108 ሴንቲ ሜትር ቁም ሣጥን ይሠራል ማለት ነው። ንድፉ ላይ በመስመር የተሣለ መለኪያ ካለ እሱ አብሮ ስለሚያንስ ይታመናል፤ በቁጥር የተጻፈውን ስኬል ግን እርሱት። ተጣጥፈው የተጠረዙት ትልልቅ ንድፎች ሳይዘረጉ ነው ስካን የተደረጉት፣ ስለዚህ የወንበሩ ግማሽ ብቻ ነው የሚታየው። አንዳንዱ ሥዕል ላይ ደግሞ መከላከያው ስስ ወረቀት ሳይነሣ ስካን ተደርጎ ጭጋግ ለብሷል። ገጹን የገለጠ ሰው ጣት የታተመበትም አለ።

ከመክፈላችሁ በፊት ቅጹ ስንት እንደሆነና የሥዕሉን ብዛት ከቤተ መጻሕፍት ካታሎግ አመሳክሩ። ለምሳሌ የእንግሊዛዊው የቤት ዕቃ ሠሪ የቶማስ ቺፐንዴል የቤት ዕቃ ንድፍ መጽሐፍ በፈረንጆቹ 1762 የወጣው ሦስተኛ እትሙ 200 ሥዕል አለው፤ «ሙሉ ነው» የሚል ሻጭ 200ውን ይቁጠር። የአንድ ፎቶና የአንድ ተጣጣፊ ንድፍ ናሙና ገጽ ይላኩላችሁ፣ እምቢ ካሉ ተዉት። ነጻ ስካኑን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ብታዩትም ብዙ ጊዜ ከእነሱ ኅትመት ይሻላል።

ማስታወቂያውን ደግሞ ከማዘዛችሁ በፊት ስክሪንሾት አንሡ። የዚህኛው መግለጫ ቅሬታው ከደረሳቸው በኋላ «ጽሑፍ ብቻ» የሚል መስመር ተጨምሮበታል፤ ከላይ ያለው የሽፋን ፎቶ ግን አሁንም እንዳለ ነው።