የስኳር መለኪያ ስትገዙ፦ አንድ ጣት፣ ሁለት መሣሪያ፣ ሁለት ቁጥር

አንድ ጠዋት፣ የአዳማ ፀሐይ ገና ሳትከርር፣ የእናቴን ጣት አንዴ ወጋሁና ያንኑ ደም ሁለት መለኪያዎችን አቀመስኋቸው። አንደኛው 148 አለ፣ ሁለተኛው 163። እናቴ መነጽሯን አስተካክላ ሁለቱንም አየችና «የትኛው ነው የሚዋሸው ልጄ?» አለችኝ።

አንዳቸውም አልዋሹም። የቤት መለኪያዎች የሚዳኙበት ዓለም አቀፍ መስፈርት አይኤስኦ 15197 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታደሰው ይህ መስፈርት እንደሚለው፣ የላቦራቶሪው ውጤት 100 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ከመቶ ልኬት 95ቱ ከላቦራቶሪው ከ15 በመቶ በላይ መራቅ የለባቸውም። ከ100 በታች ሲሆን ደግሞ የሚፈቀደው ልዩነት 15 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ የእናቴ ትክክለኛ ስኳር 155 ከነበረ፣ ከ132 እስከ 178 ያለው ቁጥር ሁሉ ፈተናውን ያልፋል ማለት ነው። መለኪያው የሚነግረን ቤቱን ሳይሆን ሰፈሩን ነው።

ክኒን ብቻ ለምትወስደው እናቴ ይህ ልዩነት እንቅልፍ የሚነሳ አይደለም። ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትክክለኛው ስኳር 70 ሲሆን፣ መስፈርቱን ያሟላ መለኪያ 55ም 85ም ሊያሳይ ይችላል። በ55 ሰው ስኳር ፍለጋ ይሮጣል፣ በ85 ዘና ብሎ ይቀመጣል። እጁ እየተንቀጠቀጠና እያላበው «መሣሪያው ደህና ነህ ብሎኛል» የሚል ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ስኳር የበዛበት ሻይ ይጠጣ፣ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ጓዳ የቆየ ወይም ከሰው እጅ የተገዛ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ልል መስፈርት፣ ማለትም በ20 በመቶው፣ የተፈተነ ሊሆን ስለሚችል ካርቶኑ ላይ 15197:2013 የሚለውን ጽሑፍ ፈልጉ።

አሁን ወደ ምርጫው። ለንጽጽር ሁለት የታወቁ ስሞችን ልውሰድ፤ አኩ ቼክ አክቲቭንና ኮንቱር ፕላስን። የሚለኩበት መንገድ ለየቅል ነው። በአክቲቭ ስትሪፕ (ደሙን በሚቀበለው ቀጭን መመርመሪያ ቁራጭ) ላይ ያለው ኬሚካል ደም ውስጥ ካለው ስኳር ጋር ሲገናኝ ቀለሙ ይለወጣል፣ መሣሪያውም ያንን ቀለም በብርሃን ያነብባል። ኮንቱር ፕላስ ደሙን በስትሪፑ ጫፍ ይስብና ኬሚካሉ ከስኳሩ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረውን ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይለካል። አክቲቭ ከ1 እስከ 2 ማይክሮሊትር ደም ይፈልጋል፣ ኮንቱር ፕላስ 0.6 ይበቃዋል።

የአክቲቭ አንድ ጥቅም ብዙ ሰው ሳያውቀው ይቀራል። ከለካችሁ በኋላ ስትሪፑን ገልብጣችሁ የጀርባውን ቀለም ስትሪፖቹ የሚመጡበት ብልቃጥ ላይ ከታተሙት ቀለሞች ጋር ማስተያየት ትችላላችሁ። ቁጥሩ 300 ብሎ ቀለሙ የ100 ከሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ ሁለተኛ ምስክር እንዳለ ቁጠሩት። በሌላ በኩል፣ በብርሃን የሚያነብ መሣሪያ መስኮቱ ንጹሕ እንዲሆን ይፈልጋል። የአዳማን አቧራ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ኮንቱር ፕላስ ደግሞ የመጀመሪያው ጠብታ ካነሰ በ30 ሰከንድ ውስጥ ጨምሩልኝ ይላል፤ ስትሪፑ አይባክንም። ጣታቸው ደም ለሚሰስት አረጋውያን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለእናቴ ብመርጥ ኤሌክትሪኩን እመርጣለሁ። ቁጥር ብቻ ለማይዋጥለት ሰው ግን የቀለሙ ይሻለዋል።

ኮድ ስለሚጠይቁ አሮጌ መለኪያዎች ብዙ አልልም። አዲስ ብልቃጥ በተከፈተ ቁጥር ቺፕ መቀየር ወይም ቁጥር ማስገባት ግድ ይላል፤ የተረሳ ዕለት ውጤቱ ይዛባል። በስጦታም ቢመጣ ለእናቴ አልሰጣትም።

ሌላው ስጦታ ከውጭ አገር ዘመድ የሚላከው ነው። አንድ ጎረቤታችን ልጁ ከለንደን የላከችለትን መለኪያ ይዞ 7.2 ስላየ፣ ስኳሩ አልቆ ሊሞት የደረሰ መስሎት ግማሽ ብርጭቆ ማር ሊጠጣ ነበር። እንግሊዝ የሚለካው በሚሊሞል በሊትር ነው። በ18 ስታባዙት 7.2 በእኛ ሚሊግራም በዴሲሊትር ወደ 130 ይሆናል፤ ማር የሚያስጠጣ አልነበረም። ከዚህ የባሰው ግን ስትሪፑ ሲያልቅ የሚመጣው ነው። የአንዱ መለኪያ ስትሪፕ ለሌላው አይሆንም፤ ስትሪፑ እዚህ ካልተገኘ መሣሪያው የልጆች መጫወቻ ነው። ስለዚህ ፋርማሲ ስትገቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት የመሣሪያውን ዋጋ ሳይሆን የ50 ስትሪፑን ዋጋ ይሁን፤ ቀጥሎም ባለፉት ወራት ጠፍቶ ያውቅ እንደሆነ። በቀን ሁለት ጊዜ የሚለካ ሰው አንዱን ብልቃጥ በ25 ቀን ይጨርሳል፣ በዓመት ወደ 15 ብልቃጥ። መሣሪያውን አንዴ ትገዙታላችሁ፣ ስትሪፑን ግን እንደ ቤት ኪራይ ስትከፍሉ ትኖራላችሁ።

ስትሪፕን የሚገድለው ሙቀትና እርጥበት ነው። አብዛኛው ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይቀመጥ ይላል፣ የአዳማ ቀን ደግሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይህን መስመር በቀላሉ ይሻገራል። ከአዲስ አበባ በሚኒባስ የተላከ ብልቃጥ ከሹፌሩ ፊት፣ መስታወቱ ሥር፣ ፀሐይ ሲጠጣ መጥቶ ከሆነ የትኛውም ስም አያድነውም። ማቀዝቀዣም መፍትሔ አይደለም፤ ወጥቶ ሲከፈት ጤዛ ይይዛል። ኩሽና ደግሞ የምጣዱ እንፋሎት አለ። የእኛ ብልቃጥ የሚኖረው አልጋ ሥር ባለ ሣጥን ውስጥ ነው። ክዳኑም እርጥበት የሚመጥጥ ነገር ስላለው ስትሪፑ እንደወጣ ወዲያው ይገጠማል። እናቴ አንድ ሰሞን ለመለየት እንዲመቻት ብላ ሦስት ሦስቱን በወረቀት ጠቅልላ ነበር፤ ሁሉንም ጣልናቸው።

ከመሣሪያው ይልቅ እጅ የሚያሳስትበት ጊዜም ብዙ ነው። ማንጎ የላጠ ጣት ላይ የቀረ ጭማቂ ደሙ ውስጥ የሌለ ስኳር ይጨምራል። አንድ ቀን 214 ያየነው ቁጥር እጇን በሳሙና ታጥባ፣ በደንብ አድርቃ ስትለካ 131 ሆነ። በአልኮል ጠረግ ማድረግ ለዚህ አያስተማምንም፣ ውኃ ይሻላል። የደም ማነስ ያለበት ሰው ደግሞ አንዳንድ መለኪያ ከፍ አድርጎ ሊያሳየው እንደሚችል ይወቅ። ነፍሰ ጡሮች በተለይ ይህን ለሐኪማቸው ያንሱ።

ቆዳ ላይ ተለጥፈው ሌሊቱንም ጭምር የሚከታተሉ ሴንሰሮች መልካም ናቸው፣ ሌሊት ስኳሩ ለሚወርድበት ሰው በተለይ። የሚለኩት ግን ደሙን ሳይሆን በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ፣ ስኳሩ በፍጥነት ሲወጣ ወይም ሲወርድ በደቂቃዎች ወደ ኋላ ይቀራሉ። በየጊዜው የሚለወጡ መሆናቸውንም ከኪሳችሁ ጋር ተማከሩበት።

የገዛችሁትን ለመፈተን መሣሪያችሁን ይዛችሁ፣ ምግብ ሳትቀምሱ፣ ላቦራቶሪ ሂዱ። ከክንዳችሁ ደም በተቀዳ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጣታችሁን ወግታችሁ ለኩ። ላቦራቶሪው 140 ካለ፣ የእናንተው ከ119 እስከ 161 ከሆነ ደህና ነው። ከምግብ በኋላ አታወዳድሩ፤ ያን ጊዜ የጣት ደም ከክንዱ ደም ይበልጥ ስኳር ስለሚይዝ መሣሪያውን በከንቱ ትወቅሱታላችሁ። ላቦራቶሪውም ቢሆን የደሙን ሕዋሳት ሳይለይ ካቆየው፣ ሕዋሳቱ ስኳሩን እየበሉት ውጤቱ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ሊወርድ ይችላል።

ፋርማሲው በር ላይ ሳላችሁ የማብቂያውን ቀን እዩ። እናቴ በቅርቡ ብልቃጡ ላይ 2026-06 የሚለውን አንብባ «ገና ስምንት ዓመት አለው» ብላ ደስ ብሏት ነበር። የፈረንጅ ቀን ነው፤ በእኛ ሰኔ 2018 ማለት ነው። አሁን በእስክሪብቶ ከሥሩ የእኛን ቀን ትጽፍበታለች፣ ከጎኑ ደግሞ የከፈተችበትን፤ ምክንያቱም አንዳንዱ ስትሪፕ ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግለው ለሦስት ወይም ለስድስት ወር ብቻ ነው።