ኩፔ ኤስዩቪ፦ ከውጭ ልብ ይሰርቃል፣ ከኋላ ወንበርስ?

እውነቱን ለመናገር ኩፔ ኤስዩቪ፣ ማለትም እንደ ኤስዩቪ ከፍ ብሎ ጣሪያው እንደ ስፖርት መኪና ወደ ኋላ የሚዳፋ መኪና፣ ያምራል። ጣሪያው ከሾፌሩ አናት ጀምሮ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ሲወርድ ከጎን ለሚያየው ሌላ ነገር ነው። ይህን ቅርጽ ፋሽን ያደረገው ቢኤምደብሊው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ኤክስ 6ን ሲያወጣ ብዙዎች ስቀው ነበር፣ በኋላ ግን ተፎካካሪዎቹ ተከትለውት ገቡ።

ችግሩም ያው ጣሪያው ነው። ረዘም ያለ ሰው ከኋላ ሲገባ አንገቱን ሰበር ማድረግ አለበት፣ ከተቀመጠም በኋላ ፀጉሩ ጣሪያውን ሊነካ ይችላል። የሕፃን መቀመጫ ማሰርማ ወገብ ይፈትናል! የዕቃ መጫኛው በቁጥር ሲታይ ብዙም አያስደነግጥም፤ የኤክስ 5 (ጣሪያው ያልተዳፋው የኤክስ 6 መደበኛ ወንድም) 650 ሊትር፣ የኤክስ 6 ደግሞ 580 ሊትር ነው። ግን ቁመት ያለው ካርቶን ስትጭን ተዳፋቱ መስታወት ይመታውና የኋላው በር አልዘጋም ይልሃል። በስፖኪዮ ወደ ኋላ ስታይ ደግሞ የሚታይህ ቀጭን ክፍተት ብቻ ነው፣ ካሜራ ከሌለው አልመክርም። አንዳንዶቹ እንዲያውም የኋላ ዝናብ መጥረጊያ የላቸውም። ለዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ከመደበኛው ወንድሙ በላይ ትከፍላለህ።

ብቻህን ወይም ሁለት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግዛው፣ ደስ ብሎህ ትነዳዋለህ። ልጆች ካሉህ ግን ከመፈረምህ በፊት ራስህ ከኋላ ተቀመጥ፣ የሕፃኑን ጋሪም ይዘህ ሂድና ጭነህ እየው።