ያበጠ የፒያኖ እርሳስ፦ መሞረድ ይሻላል ወይስ መቀየር?

"ነፃ ፒያኖ አገኘሁ፣ ግን ቁልፎቹ ይጣበቃሉ፤ ምን ላድርግ?" ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ወዳጆቼ ይህን መጠየቅ አልሰለቻቸውም። እኔ መመለሱ ስለሰለቸኝ ጻፍኩት።

የፋን ቁልፍ ስትጫኑ ጎረቤቱ ሶል አብሮ ከወረደ፣ ቁልፉን አውጡና ጎኑን እዩት። እንጨቱ ውስጥ ለክብደት ተብሎ ክብ እርሳስ (መጻፊያው ሳይሆን ብረቱ፣ lead) ተቀብሯል። ደህናው ግራጫ ነው፣ ከእንጨቱ ጋር እኩል ነው። የተበላሸው ነጭ ዱቄት ለብሶ አብጧል፣ ሲብስም እንጨቱን ይሰነጥቃል። እርጥበትና ከእንጨት የሚወጣ አሲዳማ ትነት ናቸው የሚበሉት። ቤዝመንት የከረመ ፒያኖ ስታዩ ጠርጥሩ።

ርካሹ መንገድ መሞረድ ነው። አንድ ባለሙያ በ120 ዶላር ሞርዶልኝ ሄደ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ መልሶ አበጠ። ብናኙ ደግሞ መርዝ ነው፤ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ እንዴት ተደርጎ?

እኔ መቀየሩን ነው የምመርጠው፣ ያውም ያበጡትን ብቻ። ሌላ ባለሙያ 22 ቁልፎችን በ310 ዶላር ሠራልኝ፤ አንዱ 14 ዶላር ገደማ ማለት ነው። አሮጌውን ገፍቶ አወጣ፣ ስንጥቁን በሙጫ አጣበቀ፣ አዲሱን እርሳስ ከቶ እንዳይላቀቅ ከሁለት ጎን ጨመቀው። "88ቱንም ልቀይር" ብሎ 1,100 የጠየቀኝም ነበር። ደህናውን እርሳስ ምን አድርግ ብሎት ነው?

በናስ ተኩ የሚሏችሁ አሉ። ናስ እንደ እርሳስ አያብጥም፣ እውነት ነው። ግን በዚያው ቀዳዳ ልክ ክብደቱ በሩብ ያንሳል። በቁልፉ ፊት በኩል ያለው እርሳስ ጣታችሁን የሚያግዝ ስለሆነ፣ ሲቀል ቁልፉ ይከብዳችኋል። ለማካካስ ሌላ ቀዳዳ መብሳት ሊያስፈልግ ነው፤ ሌላ ሂሳብ።

ከኦንላይን በርካሽ የሚመጣውን እርሳስ ደግሞ ለክታችሁ ግዙ። ለእኔ የመጣው ከቀዳዳው ቀጠን ያለ ነበር። በሙጫ ቢከቱትም ቁልፉ በተነካ ቁጥር ቀጭ ቀጭ ይላል።

ራሳችሁ ካጸዳችሁ ጓንትና ማስክ አድርጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። የቤት ቫኪዩም ብናኙን ይበትነዋል። ኮምጣጤ ጨርሶ አታስነኩት፤ ድሮም የበላው የዚያው ዘር አሲድ ነው።

ነፃ ፒያኖ ስታዩ ማጓጓዣውን፣ ከ150 እስከ 200 ዶላር የሚሆነውን ቅኝትና በየቁልፉ 14 ዶላር ደምሩ። ባለቤቱ ከፍታችሁ እንዳታዩ ከከለከለ፣ አመስግናችሁ ውጡ።